5/6 የምትለዋን ቁጥር ማን መረጠልን?

አዲስ ቻናል ሲከፈት ማስታወቂያው ላይ የሚደረደሩትን ቁጥሮች ታውቋቸዋላችሁ። ፍሪኩዌንሲ ይሄን ያህል፣ ፖላራይዜሽን ቨርቲካል ወይ ሆሪዞንታል፣ ሲምቦል ሬት 27500 ወይ 45000። መጨረሻ ላይ ደግሞ ኤፍኢሲ (ስህተትን አስቀድሞ ማረሚያ) የሚባል ነገር ይመጣና አንዱ ጋ 3/4፣ ሌላው ጋ 5/6፣ አንዳንዱ ጋ 2/3 ይላል። እሷን አብዛኛው ሰው ዘሏት ያልፋል። አዲስ ሪሲቨር ራሱ ፈልጎ ስለሚያገኛት መሙላቱም እየቀረ ነው። ግን ሐምሌ ላይ ዶፍ ሲወርድ ምስሉ ቶሎ ይቆማል ወይስ ይቋቋማል፣ 60 ሳንቲ ሜትር ዲሽ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው ነገር በብዙው የተንጠለጠለው እቺው ክፍልፋይ ላይ ነው። ከሰማይም አልወረደችም። አንድ ቢሮ ውስጥ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ወጪና ገቢውን አስልቶ የመረጣት ናት።

ትርጉሟ ቀላል ነው። 5/6 ማለት ከሳተላይቱ ከሚወርዱት 6 ቢቶች (0 ወይም 1 የሆኑ ምልክቶች) 5ቱ ምስልና ድምፅ ናቸው፣ 1ዱ ለስህተት ማረሚያ የተጨመረ ነው ማለት ነው። 1/2 ከሆነ ግማሽ በግማሹ ማረሚያ ነው። የማረሚያ ቢት ምንም አዲስ ነገር አይነግራችሁም። ሥራው ሌሎቹ መንገድ ላይ ሲበላሹ ሪሲቨሩ ራሱ አስልቶ እንዲመልሳቸው ማድረግ ነው። የተቀደደ ጋዜጣ ላይ «አዲስ አ_ባ» የሚል ብታዩ የጠፋውን ፊደል ማንም ሳይነግራችሁ ትሞሉታላችሁ አይደል? እዚህም እንደዚያ ነው፤ ብቻ የሚሞላው በግምት ሳይሆን በሒሳብ ነው።

ለምን ይበላሻል ካላችሁ ርቀቱን አስቡት። የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ናቸው። ከዚያ የሚወርደው ሲግናል አገር ሙሉ፣ አንዳንዴም አህጉር ሙሉ ላይ ተበትኖ እናንተ ዲሽ ላይ የሚያርፈው ሽርፍራፊ ነው። እዚያ ላይ የአየሩ ኖይዝ፣ ማለትም ሲግናሉን የሚያደናግር ሁካታ፣ አለ፣ ዲሹ ፊት ያለችው ተቀባይ የኤልኤንቢው የራሱ ኖይዝ አለ፣ ሪሲቨሩም 0 ነው ወይስ 1 ነው ብሎ ሲወስን በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይሳሳታል። ኢንተርኔት ላይ ቢሆን የተበላሸውን «ድገምልኝ» ብሎ ማስላክ ይቻላል። ዲሽ ግን ይሰማል እንጂ አይናገርም። ቢናገርስ፣ መቶ ሺህ ቤት በአንዴ «ድገምልኝ» ቢል ጣቢያው ለየትኛው ይደግማል? ስለዚህ ማረሚያው አስቀድሞ፣ ስህተቱ ሳይፈጠር አብሮ መላክ አለበት።

ይሄን መጀመሪያ በወጉ ያሠራው ሪቻርድ ሃሚንግ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው) ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ ምርምር ተቋም ውስጥ ይሠራ ነበር። በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚከፈትና በሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ) የሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ዓርብ ማታ ሥራውን ጭኖ ይሄዳል። ማሽኑ ስህተት መፈጠሩን ያውቃል፣ ግን ሰው ስለሌለ ሥራውን ጥሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሰኞ ሲመጣ ምንም የለም። ስህተት መኖሩን ማወቅ ከቻለ የት እንዳለ ማወቅ ለምን ያቅተዋል ብሎ ተናደደ። በ1950 መልሱን አሳተመ።

መልሱ በወረቀትና በእስክሪብቶ የሚሠራ ስለሆነ እንሥራው። 4 ቢት መላክ ፈለግን፤ 1፣ 0፣ 1፣ 1። ስም እንስጣቸው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ሦስት ቡድን እናደርጋቸዋለን። አንደኛው ሀ፣ ለ እና መ ነው። ሁለተኛው ሀ፣ ሐ እና መ። ሦስተኛው ለ፣ ሐ እና መ። እያንዳንዱ ቡድን አንድ የማረሚያ ቢት ይጨመርለታል፣ ሕጉም በቡድኑ ውስጥ ያሉት 1ዎች ቁጥር ሁልጊዜ ሙሉ (ለሁለት እኩል የሚካፈል) ይሁን፣ ጎዶሎ አይሁን የሚል ነው። አንደኛው ቡድን 1፣ 0፣ 1 ስለሆነ ቀድሞውንም ሙሉ ነው፣ 0 እንጨምርለታለን። ሁለተኛው 1፣ 1፣ 1 ነው፣ ጎዶሎ ስለሆነ 1 ይጨመርለታል። ሦስተኛው 0፣ 1፣ 1 ነው፣ 0 ይበቃዋል። የምንልከው እንግዲህ 1011010 ሆነ።

አሁን መንገድ ላይ ሐ ተገልብጣ 0 ሆና ደረሰች እንበል። ተቀባዩ ያገኘው 1001010 ነው። አንደኛውን ቡድን ሲቆጥር ደህና ነው። ሁለተኛው ጎዶሎ ወጣ። ሦስተኛውም ጎዶሎ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ውስጥ ያለች፣ አንደኛው ውስጥ የሌለች ቢት ማን ናት? ሐ ብቻ ናት። ተገኘች። ገልብጦ ያስተካክላታል፣ ላኪውን ምንም አልጠየቀም። አንድ ቡድን ብቻ ጎዶሎ ከወጣ ደግሞ የተበላሸችው የቡድኑ የማረሚያ ቢት ራሷ ናት።

ዋጋውን ልብ በሉ። 4 ቢት ለማድረስ 7 ላክን። አቅሙም ውስን ነው፤ ሁለት ቢት ከተበላሸ ሃሚንግ በሙሉ ልብ ይሳሳትና ደህናውን ቢት ያበላሻል። ከዚያ በኋላ የመጣው ሙያ ሁሉ የሚጨቃጨቀው በዚሁ ነው፤ ስንት ከፍለን ስንት ስህተት እናርማለን?

የዚህ ክርክር ጣሪያ ቀድሞ ታውቆ ነበር። እዚያው ቤል ላብስ ውስጥ ክሎድ ሻነን የሚባል ሰው በ1948 የማንኛውም መስመር አቅም በሒሳብ እንደሚለካ አሳየ። ከአቅሙ በታች እስከላክህ ድረስ ስህተቱን የፈለግከውን ያህል ልታሳንሰው ትችላለህ፣ ካለፍክ ግን አትችልም። እንዴት አድርጌ ብትለው ግን መልስ የለውም። ይቻላል ብሎ አረጋገጠ፣ አሠራሩን ለሌሎች ተወ። ኢንጂነሮች እሱን ገደብ ሲያሳድዱ ከ40 ዓመት በላይ ፈጀባቸው።

በመሃል የተገኙት ቀላል አይደሉም። በ1960 ኤርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሰለሞን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ቢት በቢት ሳይሆን በባይት (በ8 ቢት ጥቅል) ደረጃ የሚያርም ኮድ አወጡ። ስህተት በጅምላ ሲመጣ፣ ማለትም ብዙ ቢቶች ተከታትለው ሲበላሹ፣ ሪድ ሰለሞንን የሚያህለው የለም። የድሮው የሳተላይት ቲቪ መስፈርት፣ ዲቪቢ-ኤስ የሚባለው፣ 188 ባይት ላይ 16 ባይት ይጨምርና 204 ያደርገዋል፤ ከነዚህ ውስጥ የትኞቹም 8 ባይቶች ቢበላሹ ይመልሳቸዋል። ሱቅ ባንኮኒ ላይ ተለጥፎ ጥጉ የተላጠ ኪውአር ኮድ ስልካችሁ ሲያነበውም ያው ሪድ ሰለሞን ነው የሚሠራው፤ በጠንካራው ደረጃ ከተሠራ እስከ 30 በመቶ ገደማ ጉዳት ይችላል።

የናሳን የጠፈር መንኮራኩር ቮዬጀርን ደግሞ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በ1977 የተነሱት ሁለቱ መንኮራኩሮች ጁፒተርና ሳተርን ላይ ይሠሩበት የነበረው ጎሌይ የሚባለው ኮድ ለእያንዳንዱ ቢት አንድ የማረሚያ ቢት ይፈልግ ነበር። ግማሹ መስመር በማረሚያ ተያዘ ማለት ነው። ግን የሪድ ሰለሞን ማሽን አብሮ ተጭኖ ነበር። ቮዬጀር 2 በ1986 ዩራነስ፣ በ1989 ኔፕቱን ሲደርስ እሱን ሥራ ላይ አዋሉት፣ ጭማሪው ወደ 20 በመቶ ገደማ ወረደ፣ ስህተቱም ቀነሰ። መንኮራኩሩ እየራቀ፣ ሲግናሉም እየደከመ ሄዶ እያለ ነው እንግዲህ። አስተላላፊው 23 ዋት ገደማ ነው፣ ከቤት አምፖል ብዙም አይበልጥም። ዛሬ ቮዬጀር 1 የሚልከው ሲግናል እኛ ጋ ለመድረስ ከ22 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ እሱን «ድገምልኝ» ብትሉት መልሱ የሚመጣው ከነገ ወዲያ ገደማ ነው።

ወደ ዲሻችን እንመለስ። ወሳኙ ለውጥ የመጣው በ1993 ነው። ክሎድ ቤሩ እና ባልደረቦቹ ጄኔቫ በተደረገ ጉባኤ ላይ ቱርቦ ኮድ የሚባል ነገር ይዘው ቀረቡ፣ ከሻነን ገደብ ከ1 ዴሲቤል (የሲግናል ጉልበት ማነጻጸሪያ መለኪያ) ባነሰ ርቀት ደረስን አሉ። ባለሙያው አላመነም፤ የሆነ ቦታ ሒሳብ ተሳስቷል ተባለ። አልተሳሳተም ነበር። ያኔ ነው ሰው ተመልሶ የቆዩ ወረቀቶችን ማገላበጥ የጀመረው፤ ለካ ሮበርት ጋላገር የሚባል የኤምአይቲ ተማሪ በ1960 በመመረቂያ ጽሑፉ ያንኑ የሚያህል ነገር ጽፎ አስቀምጦታል። ኤልዲፒሲ ይባላል። ከ30 ዓመት በላይ ያስታወሰው ሰው ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ዘመን ያንን የሚያሰላ ኮምፒውተር አልነበረም። አሁን በርካሽ የሚሸጥ ሪሲቨር ውስጥ ያለች ቺፕ ትሠራዋለች። በነገራችን ላይ የጋላገር ተማሪ የነበረው ቱርካዊው ኤርዳል አሪካን በ2009 ያሳተመው ፖላር ኮድ ዛሬ በ5ጂ ኔትወርክ የመቆጣጠሪያ መልእክቶችን ይሸከማል። ዳታውን የሚሸከመው የመምህሩ ኤልዲፒሲ ነው።

ኤልዲፒሲ እንዴት ነው የሚሠራው? ሐሳቡ የሃሚንግ ነው፣ ቡድኖችና ሙሉ ወይ ጎዶሎ። መጠኑ ነው ሌላ የሆነው። በዘመኑ መስፈርት በዲቪቢ-ኤስ2 አንዱ ጥቅል 64,800 ቢት ነው። 3/4 ላይ ከሆናችሁ ከነዚህ ውስጥ 16,200ው ማረሚያ ነው፣ 16,200 ቡድን አለ ማለት ነው። ሪሲቨሩ ደግሞ እንደ ሃሚንግ ማሽን «ይሄ 1 ነው» ብሎ አይቸኩልም። «1 ሳይሆን አይቀርም፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም» ብሎ ጥርጣሬውን አብሮ ይይዛል። ከዚያ ቡድኖቹ ይጠያየቃሉ። አንዱ ቡድን ውስጥ ያሉት ሌሎች ቢቶች ስለራሳቸው እርግጠኛ ከሆኑ፣ የምትጠራጠረዋን «እንግዲያው አንቺ 0 ነሽ» ይሏታል። እሷም ያንን ይዛ ሌላ ቡድኗ ውስጥ ገብታ ለሌላው ትናገራለች። አሥር ዙር፣ ሃያ ዙር፣ ሁሉም ቡድን ሙሉ እስኪሆን። ትርፍራፊ ስህተት ቢኖር ቢሲኤች የሚባል ሁለተኛ ኮድ ከላይ አለ። ይሄ ሁሉ በሰከንድ ከሺህ ጊዜ በላይ ይደጋገማል። እናንተ ድራማ እያያችሁ ነው።

ግን መዘዝም አለው። ይሄ አሠራር እስከ አንድ ነጥብ ድረስ ሁሉንም ያርማል፣ ከዚያች ነጥብ ትንሽ ዝቅ ሲል ምንም አያርምም። መሃል የለውም። የድሮው አናሎግ ቲቪ ሲግናሉ ሲደክም ነጠብጣብ ይበዛበታል፣ ድምፁ ይንሿሿል፣ ግን ኳሱ ማን ጋ እንዳለ ይታያል። ዲጂታሉ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ መስታወት የመሰለ ምስል ያሳያችኋል፣ ከዚያ ይሰባበራል፣ ይቆማል፣ «ኖ ሲግናል» ይላል። ስለዚህ ጥሩ ምስል ማየት ዲሻችሁ በደንብ ለመሠራቱ ማስረጃ አይደለም። ይሄን በደማቁ አስምሩልኝ። ምስሉ ጥርት ብሎ እያለ ከገደሉ ጫፍ በግማሽ ዴሲቤል ርቀት ላይ ቆማችሁ ሊሆን ይችላል፣ ማረሚያው ጉዱን ሸፍኖላችሁ።

አሁን ወደ ጥያቄው እንምጣ፤ ማን መረጣት? 45000 ሲምቦል ሬት ማለት በሰከንድ 45 ሚሊዮን ሲምቦል (አንዴ የሚላክ የሞገድ ምልክት) ነው። ኤይት ፒኤስኬ በሚባለው አላላክ አንዱ ሲምቦል 3 ቢት ይይዛል፣ በድምሩ 135 ሚሊዮን ቢት። ኤፍኢሲው 2/3 ከሆነ ለፕሮግራም የሚተርፈው 89 ሚሊዮን ገደማ ነው። 5/6 ከሆነ 111 ሚሊዮን ገደማ። ልዩነቱ በሰከንድ 22 ሚሊዮን ቢት ነው። አንድ ኤችዲ ቻናል 5 ሚሊዮን ይወስዳል ብንል 4 ተጨማሪ ቻናል ማለት ነው፣ ያውም በዚያው ኪራይ። የሳተላይት ኪራይ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ነው። አከራዩ ወይም አሠራጩ ቢጓጓ አይፈረድበትም።

ሒሳቡ የሚወራረደው ግን እናንተ ጣሪያ ላይ ነው። መስፈርቱ ራሱ ባስቀመጠው ቁጥር፣ 2/3 ሲሆን ሲግናሉ ከኖይዙ በ6.6 ዴሲቤል መብለጥ አለበት። 5/6 ሲሆን በ9.4 ገደማ። የሁለቱ ልዩነት በቀላሉ ሲነገር፣ እጥፍ ለመሆን ትንሽ የቀረው ተጨማሪ ሲግናል ማለት ነው። ያንን ተጨማሪ ከየት ታመጡታላችሁ? ከዲሹ ስፋት። 60 ሳንቲ ሜትር ዲሽ ይበቃው የነበረ ቤት ያንኑ የዝናብ መቋቋም ይዞ ለመቀጠል ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ያስፈልገዋል። አሠራጩ 4 ቻናል አተረፈ፣ እያንዳንዱ ቤት ዲሽ ይቀይር፤ ካልቀየረ ደግሞ ክረምት ላይ ይቆምበት። ይሄ ስህተት ነው እያልኩ አይደለም፤ ብዙ ቻናል የሚፈልግ ተመልካችም አለ። የሚያናድደኝ ምርጫ መሆኑ አለመነገሩ ነው። ማስታወቂያው ላይ 5/6 ብለው ይጽፋሉ፣ ስንት ሳንቲ ሜትር ዲሽ ይዛችሁ ነው የምትቀበሉት የሚለውን ግን አይጽፉም።

ዝናቡ ራሱ ምን ያደርጋል ካላችሁ፣ የኛ ዲሾች የሚሠሩበት ኬዩ ባንድ ሞገዱ ከ3 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ስለሆነ የዝናብ ጠብታ ይውጠዋል፣ ይበትነዋል። ሞገዳቸው ረዘም የሚለው ትልልቆቹ የሲ ባንድ ዲሾች ይሄ ችግር እምብዛም የለባቸውም። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። የኢትዮጵያ ቻናሎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ ዲሻችን የሚያነጣጥርበት ቦታ ከ7 ዲግሪ ምዕራብ ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ሄደ። ከአዲስ አበባ ሲታይ ናይልሳት ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ነው፣ ኢትዮሳት ያረፈበት ኤንኤስኤስ-12 የተባለው ሳተላይት ግን 66 ዲግሪ ገደማ። ዲሹ ወደ ላይ ቀና ባለ ቁጥር ሲግናሉ ዝናቡ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ ያጥራል፤ ስታሰሉት በሲሶ ገደማ ያንሳል። ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ፣ ክረምቱን በነፃ ያገኘነው ትርፍ ነው።

ማረሚያው የማይችለው ነገርም አለ። ሆን ተብሎ ሲታወክ። በ2014 ቢቢሲ፣ ዶይቸ ቬለና ሌሎች ጣቢያዎች አረብሳት ላይ የሚያሠራጩት ሲታወክ ምንጩ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው ብለው በአደባባይ ተቃውመዋል። ጃም ሲደረግ ጉልበተኛ ሲግናል ወደ ሳተላይቱ ይላክና ደካማው ይዋጣል። ሻነን ያስቀመጠው አቅም ራሱ ይወድቃል። አቅሙ ከወደቀ 5/6ም ሆነ 2/3 አያድንም፣ ዲሽ ማስፋትም ዋጋ የለውም፣ ምክንያቱም ሲግናሉ የተበላሸው ላይ፣ ሳተላይቱ ጋ ነው።

የባንክ ቅርንጫፍ ላይ የምታዩዋቸው ሁለት አቅጣጫ የሚሠሩ ዲሾች የዝናቡን ችግር በብልሃት ያልፉታል። ዲሹ መናገር ስለሚችል ዝናብ ሲጀምር «ደክሞኛል» ይላል፣ ማዕከሉም ክፍልፋዩን ከ5/6 ወደ 1/2 ያወርድለታል፤ ኔትወርኩ ይዘገያል እንጂ አይቋረጥም። ሲያባራ ይመለሳል። ቴሌቪዥን ግን አንዱ ሲግናል ለሁሉም ቤት ስለሆነ ባሌ ላይ ዘነበ ብሎ የመቀሌውን አይቀይርም። አንዴ ተመርጣለች፣ በዚያው ትዘልቃለች።

ስለዚህ እናንተ እጅ ላይ የቀረው ዲሹን በደንብ ማስተካከል ብቻ ነው። ዲሽ የሚሠራው ልጅ ምስል እንደመጣ «በቃ ገባ» ብሎ ሊወርድ ሲል አታስወርዱት። ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ስትሬንግዙን ትታችሁ ኳሊቲውን እዩ፤ ስትሬንግዝ ኖይዙንም አብሮ ይቆጥራል፣ ኳሊቲ ነው የሚናገረው። በጥቂቱ ወደ ግራ ይግፋው፣ ኳሊቲው እስኪወርድ። ከዚያ ወደ ቀኝ፣ እንደገና እስኪወርድ። ከሁለቱ መሃል ያቁመው። ወደ ላይና ወደ ታችም እንዲሁ። ኤልኤንቢውንም እያዟዟረ ይሞክር፣ ብዙ ሰው የሚረሳት እሷን ነው። ይሄን ሁሉ ሲያደርግ የሚያየው ቻናል በደንብ የሚገባው ሳይሆን ከሁሉም ደካማው ፍሪኩዌንሲ ላይ ያለው ይሁን። ብሎኑን የሚያጠብቀው ከዚያ በኋላ ነው፣ ካጠበቀም በኋላ ኳሊቲውን አንዴ ይየው፤ ብሎን ሲጠብቅ ዲሽ መንሸራተት ይወዳል።